የጾም እህል የማን ነው?

1. ጾም ምንድን ነው?

በገጠር ያደገ ክርስቲያን ጾምን በደንብ ያውቃል። ረቡዕና ዓርብ ወተት አይጠጣም። እርጎው ይናጣል፤ ቅቤው ተነጥሮ ለፍስክ ይቀመጣል። እንቁላሉ ለገበያ ይጠራቀማል። ሽሮው ያለ ቅቤ ይሠራል። ሁዳዴ ሲገባማ ዶሮውም በጉም በሰላም ይውላል።

ይህን ሁሉ ከእናት ከአባታችን ወርሰናል። ነገር ግን አንድ ሰው፣ «ለምን ትጾማለህ?» ብሎ ቢጠይቀን ብዙዎቻችን፣ «አባቶቻችን ስለ ጾሙ ነዋ!» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ዛሬ ፊደል ለይተናል። ማንበብ ችለናል። እንግዲህ የምንሠራውን ነገር ትርጉሙን መመርመር ይገባናል።

ጾም ማለት መከልከል ማለት ነው። ክርስቲያን በጾም ቀን ከሁለት ነገር ይከለከላል። አንደኛ፣ እስከ ተወሰነው ሰዓት ድረስ እህልና ውኃ አይቀምስም። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ደርሶ ሲበላም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይነካም።

ታዲያ ሥጋና ወተት ክፉ ስለሆኑ ነው ወይ? አይደለም። እግዚአብሔር የፈጠረው ምግብ ሁሉ መልካም ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በፋሲካ አንበላቸውም ነበር። የምንከለከለው ምኞታችንን ለመግራት ነው።

ገበሬ ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ወይፈን ካልተገራ ቀንበር አይሸከምም። ማሳ ውስጥ ቢለቁት ሰብል ይረግጣል። ስለዚህ ገበሬው ወይፈኑን ከለመደ በሬ ጋር ይጠምደዋል። ቀስ እያለ ያለማምደዋል። ቀጥቅጦ አይሰብረውም፤ አስርቦም አይገድለውም። ሆዳችንም እንደ ወይፈን ነው። ያየውን ሁሉ ይመኛል። ጾም ይህን ወይፈን የምንገራበት ቀንበር ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ወይፈን የሚገራው ለእርሻ ነው። አንድ ሰው ወይፈኑን ገርቶ፣ ቀንበር አስለምዶ፣ ከዚያ በኋላ ሳያርስበት በረት ውስጥ አስሮ ቢያኖረው ድካሙ ከንቱ ነው። ጎረቤቶቹም ይስቁበታል። ጾምም እንደዚሁ ነው። ሆዳችንን ገራነው እንበል። ታዲያ ምን አረስንበት? የዛሬው ትምህርታችን ይህንን ይጠይቃል።

2. የአዋጅ ጾሞች ስንት ናቸው?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሁሉ እንዲጾሟቸው ያወጀቻቸው ጾሞች ሰባት ናቸው። እነርሱም የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ዐቢይ ጾም ወይም ሁዳዴ፤ 55 ቀን ነው።
ለ. የሐዋርያት ጾም ወይም የሰኔ ጾም፤ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጀምሮ እስከ ጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል፣ እስከ ሐምሌ 5 ነው።
ሐ. የፍልሰታ ጾም፤ ከነሐሴ 1 እስከ ነሐሴ 15 ነው።
መ. የነቢያት ጾም ወይም የገና ጾም፤ ኅዳር 15 ይገባል።
ሠ. የነነዌ ጾም፤ 3 ቀን ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይጾማል።
ረ. ገሃድ፤ የገናና የጥምቀት ዋዜማ ነው።
ሰ. የረቡዕና የዓርብ ጾም፤ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀኖች በቀር በየሳምንቱ ይጾማል።

ከእነዚህ ሁሉ ረጅሙ ሁዳዴ ነው። ቁጥሩን እንይ። ሁዳዴ 8 ሳምንት ነው። 8 ጊዜ 7፣ 56 ይሆናል። የመጨረሻው እሑድ ፋሲካ ስለሆነ አንድ ቀን ይቀነሳል። 55 ቀን ይቀራል። ከዚህ ውስጥ 40ው ቀን ጌታችን በገዳም የጾመው ነው። የመጨረሻው ሳምንት ሕማማት ነው።

ሁዳዴ የሚገባበት ቀን በየዓመቱ ይለዋወጣል። ቢፈጥን የካቲት 1 ይገባል። ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። በዚህ ጊዜ የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ፍልሰታ ግን በክረምት፣ በነሐሴ ነው። በነሐሴ አዲሱ ሰብል ገና በማሳ ላይ ነው፤ አሮጌው እህል ግን በብዙ ቤት አልቋል። ይህን ልዩነት እናስታውስ። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

3. ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ጾም ምን ያስተምራል?

በትንቢተ ዮናስ የነነዌ ሰዎች ታሪክ ተጽፏል። ነነዌ ትልቅ ከተማ ነበረች። ሰዎቿም ክፋት አበዙ። ነቢዩ ዮናስ ከተማይቱ ልትጠፋ እንደ ሆነ ነገራቸው። ንጉሡ ይህን በሰማ ጊዜ ከዙፋኑ ወረደ። ማቅ ለበሰ፤ አመድ ላይ ተቀመጠ። ከትልቅ እስከ ትንሽ ሁሉም ጾሙ። ከብቶቹ እንኳ ሣርና ውኃ ተከለከሉ። ንጉሡ ግን በዚህ አላበቃም። እያንዳንዱ ሰው ከክፉ መንገዱና በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ አዘዘ። እግዚአብሔርም ከክፉ ሥራቸው መመለሳቸውን አይቶ ራራላቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ነነዌ የዳነችው በአንድ ሰው ጾም አይደለም። ንጉሥና ድሃ በአንድነት ጾሙ፤ በአንድነት ጸለዩ። ሁለተኛው፣ ከጾማቸው ጋር ከክፉ መንገዳቸው ተመለሱ፤ ግፋቸውን ተዉ።

በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ደግሞ ሌላ ዓይነት ጾመኞች አሉ። እነዚህ ሰዎች፣ ጾማችንን እግዚአብሔር ለምን አላየልንም ብለው አጉረመረሙ። ነቢዩም መልሱን ነገራቸው። በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቁ ነበር። ይጣሉ ነበር፤ በጡጫም ይማቱ ነበር። እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ምን እንደ ሆነም ነቢዩ ዘረዘረላቸው። የተጨቆነውን ማላቀቅ ነው። እንጀራን ለተራበ ማካፈል ነው። ቤት የሌለውን ወደ ቤት ማስገባት ነው። የታረዘውን ማልበስ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን ሦስት ነገሮችን አከታትሎ አስተምሯል። እነርሱም ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም ናቸው። ሦስቱ እንደ ምድጃ ጉልቻ ናቸው። እናቶቻችን እንደሚያውቁት ድስት በሁለት ጉልቻ አይቆምም። አንዱ ጉልቻ ከወጣ ድስቱ ይደፋል፤ ወጡም ይፈስሳል። ጾም ያለ ጸሎት ረሃብ ብቻ ይሆናል። ጾምና ጸሎትም ያለ ምጽዋት ጉልቻ እንደ ጎደለው ምድጃ ናቸው።

እነዚህን ምዕራፎች ራሳችሁ አንብቧቸው። ቀድሞ ሰው ሲያነብልን ነበር የምንሰማው። ዛሬ በራሳችን ዓይን ለማየት በቅተናል።

4. አብሮ መጸለይ ለምን ያስፈልጋል?

ሰው ለብቻው መጸለይ ይችላል። ገበሬ ሞፈሩን ጨብጦ ይጸልያል። እናት እሳት እያነደደች ትጸልያለች። እረኛ ከብቱን እየጠበቀ ይጸልያል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ለብቻ የማይሠራ ጸሎት አለ።

ቅዳሴን እንመልከት። አንድ ቄስ ምንም ያህል የተማረ ቢሆን ብቻውን አይቀድስም። ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ሁለቱ ቀሳውስት ናቸው። ሦስቱ ዲያቆናት ናቸው። ሕዝቡም ዝም ብሎ አይቆምም። ካህኑ ሲጸልይ ሕዝቡ ይመልሳል። ይህ ተሰጥኦ ይባላል። እንግዲህ ቅዳሴ እንደ ደቦ ነው። ሁሉም የየድርሻውን ካልያዘ ሥራው አይፈጸምም።

በቅዳሴ ውስጥ የሚጸለየውንም እናስተውል። ለዝናም ይጸለያል። ለምድር ፍሬ ይጸለያል። ለታመሙት ይጸለያል። መንገድ ለሄዱት ይጸለያል። ለሞቱትም ይጸለያል። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ዝናም ሲዘንብ በአንድ ሰው ማሳ ላይ ብቻ አይዘንብም። ሲቀርም የሚቀረው ለሁሉም ነው።

«አባታችን ሆይ» የሚባለውን ጸሎት ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ግን አስተውለነዋል ወይ? አባትነቱ የሁላችን ነው። የዕለት እንጀራ ስንለምንም የምንለምነው ለሁላችን ነው። እንጀራዬን ስጠኝ የሚል ሰው ይህን ጸሎት ገና አልተማረውም። እንጀራችንን ብሎ ለምኖ የተሰጠውን ብቻውን የሚበላ ሰውም የለመነውን ረስቷል።

ምሕላም የማኅበር ጸሎት ነው። ዝናም ሲዘገይ ወይም በሽታ ሲገባ የአገሩ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ሽማግሌውም ሕፃኑም እግዚኦ ይላል። ታቦት ወጥቶ ሕዝቡ ይከተላል።

አሁን አንድ ምሳሌ እናንሣ። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣልተዋል እንበል። አንደኛው፣ «ድንበሬን አንድ ትልም ገፍተህ አረስክብኝ» ይላል። ሁለተኛው፣ «አልገፋሁም» ይላል። ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ አይነጋገሩም። ሚስቶቻቸው እሳት አይጫጫሩም። ልጆቻቸው አብረው ከብት አይጠብቁም። ዝናም ቀረና ምሕላ ተያዘ። ሁለቱም መጡ። አንዱ በቀኝ ቆመ፤ ሌላው በግራ ቆመ። ሁለቱም ዝናም ለመኑ።

እስቲ እናስብ። እግዚአብሔር ለአንደኛው ማሳ ዝናም ቢሰጥ ለሁለተኛውም መስጠቱ ነው። ድንበራቸው አንድ ነውና። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች ባያውቁትም አንዱ ለሌላው እየጸለየ ነው። አፋቸው ታርቋል፤ ልባቸው ግን አልታረቀም። ጌታችን በወንጌል፣ መባህን ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ እንደ ተቀየመህ ትዝ ካለህ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ሲል አስተምሯል። በቅዳሴም መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል ያዝዛል። ስለዚህ በብዙ አገር ሽማግሌዎች ምሕላ ከመግባቱ በፊት የተጣላውን ያስታርቃሉ። ድንበሩ ላይ ወጥተው ያያሉ፤ ትልሙን ይለካሉ፤ የተገፋውን ያስመልሳሉ። ይህ የምሕላው ግማሽ ነው።

5. በጾም የማይገደዱት እነማን ናቸው?

አንዳንድ ሰው ጾም ሁሉንም እኩል የሚያስገድድ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የሚከተለውን ንግግር እናንብብ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት የነፍስ አባቷን መንገድ ላይ አገኘች።

ሴትዮዋ፦ አባቴ ይፍቱኝ።

የነፍስ አባት፦ እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?

ሴትዮዋ፦ ኧረ ምንም አይደል አባቴ። ሁዳዴ ነው መቼም። ትናንት ውኃ ቀድቼ ስመለስ ዓይኔ ጨለመብኝና ወደቅሁ።

የነፍስ አባት፦ ስንት ወርሽ ነው?

ሴትዮዋ፦ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ።

የነፍስ አባት፦ ጠዋት እህል ትቀምሻለሽ?

ሴትዮዋ፦ እንዴ አባቴ! በሁዳዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው እንጂ የምጾመው። ሰውስ ምን ይለኛል?

የነፍስ አባት፦ ስሚ ልጄ። በሆድሽ ላለው ሕፃን ጾም አልታወጀበትም። አንቺ ስትራቢ እሱም ይራባል። እርጉዝን፣ አራስን፣ የታመመን ሰው ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም። ጠዋትም ቀንም ብዪ። አቅም የሚሰጥሽን ብዪ። እኔ ፈቅጄልሻለሁ።

ሴትዮዋ፦ ኃጢአት አይሆንብኝም?

የነፍስ አባት፦ ሕፃኑን ብትጎጂው ነው የሚያስጨንቀኝ። ስትወልጂና ልጅሽ ሲጠና ያኔ ትጾሚያለሽ። አሁን ጸሎትሽን አታቋርጪ። ጤና ጣቢያም ሂጂና ይዩሽ። ባልሽ የታለ?

ሴትዮዋ፦ ያው እዚያ ማዶ ነው፤ ይምጣ?

ባልየው መጣ። መስቀል ተሳለመ።

የነፍስ አባት፦ ትጾማለህ?

ባልየው፦ አንድ ቀን አላጓደልሁም አባቴ።

የነፍስ አባት፦ ጎበዝ። እንግዲህ የጾምህን ፍሬ አሳየኝ። ከነገ ጀምሮ ውኃውን አንተ ትቀዳለህ።

ባልየው፦ እኔ? እንስራ ተሸክሜ? ሰው አይስቅብኝም?

የነፍስ አባት፦ እንስራው ካሳፈረህ አህያ ጫን። ሰው ቢስቅብህ ደግሞ እሱም አንድ ስግደት ነው፤ ትዕቢትህን ዝቅ ያደርግልሃል።

ባልየውም ሳቀና፣ «እሺ አባቴ» አለ።

ከዚህ ንግግር የምንማረው ግልጽ ነው። እርጉዝ ሴት የምትበላው ለሁለት ነው። ደሟ ካነሰ በወሊድ ጊዜ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። አራስና የምታጠባ እናትም ወተቷ የሚመጣው ከምትበላው ነው። የታመመ ሰው በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት በሰዓቱ መዋጥ አለበት። ለጾም ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በተለይ መጠንቀቅ ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ሰው የነፍስ አባቱንም ሐኪሙንም ያማክር።

ስለ ሕፃናትም አንድ ነገር እንናገር። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጾም አይገደድም። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ሕፃኑ ከትልልቆቹ ጋር ሳይወድ ይጾማል። ለምን ቢባል እናቲቱ ድስቱ የፍስክ ይሆንብኛል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ ወተትና እንቁላል አትሠራለትም። መፍትሔው ቀላል ነው። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻው ይለይለት። እንቁላሉ ሁሉ ለገበያ አይሂድ። አንዱ ለሕፃኑ ይቅር።

የሚጾመው ሰውም ቢሆን ሲበላ ሰውነቱን ያስብ። ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ሥጋ በሌለበት ጊዜ ሰውነትን ይገነባሉ። ጎመን ለደም ጥሩ ነው። ተልባ፣ ሱፍና ኑግ ቅባት አላቸው። እንጀራ በበርበሬ ብቻ እየበሉ ሁለት ወር መክረም ግን ጉልበት ይጨርሳል።

6. ጾምን የሚያበላሹ ነገሮች

አንዳንድ ሰው ከበግ ሥጋ ተከልክሎ የሰው ሥጋ ይበላል። ይህም ሐሜት ነው። ከቅዳሴ መልስ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጎረቤቱን ሲያማ የሚውል ሰው ምኑን ጾመ?

ሌላው ደግሞ ቀኑን ጾሞ ማታ በአረቄ ይሰክራል። ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ይሳደባል፤ ልጆቹን ያስደነግጣል። ልጆቹ በዚያ ማታ የሚያስታውሱት ጩኸቱን ነው።

ሦስተኛው ነገር ብድር ነው። ለቅበላ ይበደራል። ለፋሲካም ሙሉ በሬ ለማረድ ይበደራል። 55 ቀን የቆጠበውን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ከዚያም በክረምት ወለዱን ሲከፍል ይከርማል። በቅርጫ ተካፍሎ አቅም የፈቀደውን መብላት ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። ፋሲካ በዕዳ አይደምቅም።

7. የጾም እህል የማን ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ወይፈኑን ገራን። ምን እንረስበት?

በጾም ቀን ቁርስ አይበላም። እንግዲህ ያ ያልተበላው እህል የት ገባ? ማታ ከራት ጋር ተጨምሮ ከተበላ የመብያ ሰዓት አዛወርን እንጂ ምንም አልተውንም። ጎተራ ውስጥ ከቀረ ጾሙ ለእኛ ትርፍ ሆነልን ማለት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እንዳስተማረው ግን ጾመኛው የተወው እንጀራ ለተራበው ነው።

በቁጥር እንየው። በሁዳዴ ቅዳሜና እሑድን ትተን ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን እንቁጠር። 8 ሳምንት በ5 ቀን ሲባዛ 40 ቀን ይሆናል። አንድ ቤተሰብ በእነዚህ ቀኖች በየቀኑ አንድ ጣሳ እህል ለይቶ ቢያስቀምጥ 40 ጣሳ ይሆናል። በአንድ ደብር እንዲህ የሚያደርጉ 30 ቤቶች አሉ እንበል። 30 ጊዜ 40፣ 1,200 ጣሳ ይሆናል።

ይህ እህል እስከ ነሐሴ ይቀመጥ። በነሐሴ ለአንድ ችግረኛ ቤት በቀን 3 ጣሳ ቢሰጥ በ30 ቀን 90 ጣሳ ይሆናል። 1,200 ለ90 ሲካፈል 13 ይደርሳል፤ 30 ጣሳም ይተርፋል። ስለዚህ 30 ቤቶች በሁዳዴ የተዉት ቁርስ 13 ቤቶችን ነሐሴን ሙሉ ያበላል። በፍልሰታ ቅዳሴ አብረን ስንቆም ከጎናችን የቆመው ሰው በረሃብ አይንቀጠቀጥም።

አንድ ሰው፣ «እኛ ራሳችን ድሆች ነን፤ ከየት እናምጣ?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን ትርፍ የለንም። አቅም የሌለው ሰው ግማሽ ጣሳ ወይም አንድ እፍኝ ይስጥ። ምንም የሌለው ይቀበል። በሬው የሞተበት ሰው ዘንድሮ ይቀበላል፤ ከርሞ ይሰጣል።

ችግረኛውን እንዴት እንለየዋለን? ጠዋት ጭስ የማይወጣበትን ቤት እንይ። ደካማ አሮጊት፣ አባት እናት የሌላቸው ልጆች፣ ባል የሞተባት ሴት፣ ታሞ ያላረሰ ሰው በየመንደሩ አለ። ጎረቤታችን እስላም ቢሆንም አንለየው። እርሱም በረመዳን ይጾማል፤ የረሃብን ትርጉም ያውቃል። የተራበ ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም።

እህሉ እንዳይበላሽ የሚከተለውን ማድረግ ይገባል።

ሀ. እህሉን በፀሐይ በደንብ ማድረቅና ማበጠር። እርጥብ እህል ይሻግታል።
ለ. ጎተራውን አጽድቶ በእበት መለቅለቅና ማድረቅ። ስንጥቅ ካለው መድፈን።
ሐ. ጎተራውን ከመሬት ከፍ ማድረግ። እርጥበትና አይጥ እንዳይደርስበት ነው።
መ. ስንዴ፣ በቆሎና ማሽላ ቶሎ ይነቅዛሉ። ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍረውም። ስለዚህ ጤፍ ያለው ሰው ጤፍ ቢሰጥ ይመረጣል።
ሠ. በየሁለት ሳምንቱ እህሉን ከፍቶ ማየት።

ጎተራው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም ሰው በሚያምነው ቤት ሊሆን ይችላል። ጠባቂዎቹ ከአንድ በላይ ይሁኑ። አንደኛው ቁልፉን ይያዝ፤ ሌላው መዝገቡን ይያዝ። መዝገቡን የሚጽፈው ማን ነው? እኛው ነን። መጻፍ ተምረናልና። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የገባውን ጣሳና የወጣውን ጣሳ እንጻፍ። በየወሩም ለሰንበቴው ይነበብ። የተጻፈ ነገር ጠብ ያስቀራል።

ነገር ግን የተቀባዩ ስም በአደባባይ አይነበብ። ጌታችን ምጽዋት በስውር እንዲሰጥ አስተምሯል። የሚቀበል ሰው ፊቱ እንዳይቀላ፣ እህሉ በጭልጥ ማታ ቤቱ ድረስ ይሂድለት። ሰጪውም ሰጠሁ እያለ አያውራ።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ እንደ ደረሰው ያለ ታላቅ ረሃብ በአንድ ደብር ጎተራ አይመለስም። እንዲህ ላለው መከራ መንገድ፣ መኪና፣ የመንግሥትና የመላው አገር ርዳታ ያስፈልጋል። ነገር ግን በየዓመቱ በየመንደሩ የምትመጣ ትንሽ ረሃብ አለች። በነሐሴ ትገባለች፤ እሸት ሲደርስ ትወጣለች። ለእርሷ መኪና አንጠብቅም። እሷን በጣሳ ማስወጣት እንችላለን።

8. ማጠቃለያ

ጾም ሆዳችንን ይገራል። የማኅበር ጸሎት እኔ ማለትን አስትቶ እኛ ማለትን ያስተምረናል። ምጽዋት ደግሞ እርሻው ነው፤ የተገራው ወይፈን የሚያርስበት ማሳ ነው። በሚመጣው ሁዳዴ መጀመሪያ ሰኞ ጠዋት አንድ ጣሳ እህል ለይተን እናስቀምጥ። ማክሰኞም እንደዚሁ እናድርግ። ፋሲካ ሲደርስ ስንት ጣሳ እንደ ሆነ እንቁጠር። በቁጥሩ ልክ የማን ምድጃ እንደሚነድ በነሐሴ እናያለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጾም ከወይፈን መግራት ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
2. የነነዌ ሰዎች ከመጾማቸው ሌላ ምን አደረጉ?
3. ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ ስንት ሰዎች ያስፈልጋሉ?
4. በድንበር የተጣሉት ሁለት ጎረቤታሞች ምሕላ ከመግባታቸው በፊት ምን ማድረግ ነበረባቸው?
5. በመንደራችሁ እርጉዞችና ሕፃናት በጾም ጊዜ እንዴት ይመገባሉ? ምን ቢሻሻል ይሻላል?
6. በደብራችሁ 20 ቤቶች በየቀኑ አንድ ጣሳ ለ40 ቀን ቢያስቀምጡ ስንት ጣሳ ይሆናል? ደብተራችሁ ላይ አስሉ።
7. በነሐሴ በመንደራችሁ ጠዋት ጭስ የማይወጣበት ቤት አለ ወይ? ስሙን ሳትጠሩ ምን ልታደርጉለት እንደምትችሉ ተነጋገሩ።